የነጭ ሰው ጉድጓድ፦ የኩበር ፒዲ ከተማ ታሪክና ለጎብኚ የሚታዩት ነገሮች

ጉድጓድ ስትምስ አርቀህ አትማስ፣ ማን እንደሚገባበት አታውቅምና ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ምክር ሰምታ የማታውቅ አንዲት ከተማ በአውስትራልያ ምድረ በዳ መካከል አለች። ስሟ ኩበር ፒዲ ይባላል። የደቡብ አውስትራልያ ዋና ከተማ ከሆነችው ከአደሌይድ ተነስቶ በስቱዋርት አውራ ጎዳና 846 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን የተጓዘ ሰው ይደርስባታል። ሲደርስ ግን መጀመሪያ የሚያየው ከተማ አይመስልም። ዙሪያውን እንደ ኩይሳ የተከመረ ነጭና ሮዝ አፈር ነው፤ ሺህ በሺህ ላይ። ጠጋ ሲል በኮረብታው ጎን በር ተገጥሞ ያያል፤ ከኮረብታው አናት ደግሞ የአየር መተንፈሻ ቱቦ ብቅ ብሏል። ለካ ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ ቤቱን የሠራው ከመሬት በታች ነው!

ቱሪስቱ መጥቶ ጉድጓድ ያያል፣ ጉድጓድ ውስጥ ያድራል፣ ቢፈልግ ጉድጓድ ውስጥ ይጸልያል፣ ከጉድጓድ የወጣ ድንጋይ ገዝቶ ይሄዳል። አስደናቂ ነው፤ ማንም አይክድም። ነገር ግን ታሪክ የሚማር ሰው ሲደነቅ ብቻ መዋል የለበትም፤ መጠየቅም አለበት። ጉድጓዱን ማን ቆፈረው? መሬቱስ የማን ነበር? የተገኘው ሀብት የት ገባ? ለጎብኚ ከሚታየው ጀርባ ሳይታይ የቀረው ምንድን ነው? ይህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች ተከትሎ ይሄዳል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ባሕር የነበረ በረሃ

ዛሬ ጠብታ ውሃ የሚናፈቅበት ይህ አገር ከ100 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባሕር ነበረ። ጥልቀት የሌለው፣ ቀዝቃዛ፣ የአህጉሩን መሐል የሸፈነ ባሕር። ባሕሩ ሲደርቅ ከሥሩ የተጋደመው ጭቃና ደለል ወደ ለስላሳ ድንጋይ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ በነበረው እጅግ ረጅም ዘመን ውሃ ከላይኛው አለት ሲሊካ የተባለውን ማዕድን እያሟሟ ወደ ታች ሰረገ፤ በስንጥቁና በክፍተቱ እየተጠራቀመም ኦፓል ሆነ። እንግዲህ ኦፓል ማለት በአጭሩ ውሃ ያለበት ሲሊካ ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ ቀለም ከየት መጣ? ድንጋዩን ሲያገላብጡት ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እየሆነ የሚንቦገቦገው ለምንድን ነው? መልሱ የተገኘው በ1964 የአውስትራልያ ሳይንቲስቶች ኦፓልን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ነው። ድንጋዩ በዓይን በማይታዩ የሲሊካ ድቡልቡሎች የተሞላ ነው። ድቡልቡሎቹ መጠናቸው እኩል ሆኖ በገበያ ላይ እንደተደረደረ ብርቱካን በሥርዓት ሲቀመጡ ብርሃኑን ይበትኑና ቀለም ያወጣሉ። ከተዘበራረቁ ግን ድንጋዩ ያው ተራ ድንጋይ ነው፤ ቆፋሪዎቹም ዋጋ አይሰጡትም። የአንድ ሰው ሀብትና ድህነት በዚህች በማትታይ አሰላለፍ ላይ መንጠልጠሏ የሚገርም ነገር ነው።

ባሕሩ ከደረቀ ከብዙ ዘመን በኋላ ሰው መጣ። በዚያ አካባቢ ጥንተ ነዋሪዎቹ የአንታኪሪንጃ ማቱ-ያንኩኒቻቻራ ሕዝብ ናቸው። ውሃው የት እንዳለ፣ በየትኛው ወራት የት እንደሚኬድ፣ የትኛው ኮረብታ የማን ታሪክ እንደሆነ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። የእንግሊዝ መንግሥት ደቡብ አውስትራልያን በ1836 ቅኝ ግዛት አድርጎ ሲያቋቁም እነዚህን ሰዎች ማን ጠየቃቸው? ማንም። ስኮትላንዳዊው አሳሽ ጆን ማክዱዋል ስቱዋርት በ1858 በዚያ በኩል አለፈ፤ የተራራው ሰንሰለት በስሙ ተጠራ፣ ኋላም አውራ ጎዳናው በስሙ ተጠራ። አንድ ጊዜ ያለፈው ሰው ስሙን ሲተው፣ ሁልጊዜ የኖረው ሕዝብ በሕግ ፊት እንደሌለ ተቆጠረ። መሬቱ ባለቤት የለውም የሚለው የቅኝ ገዥዎች ሐሳብ በአውስትራልያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የተሻረው በ1992 ነው። በኩበር ፒዲ አካባቢ ደግሞ የአንታኪሪንጃ ማቱ-ያንኩኒቻቻራ ሕዝብ የባለቤትነት መብት በፌዴራል ፍርድ ቤት የታወቀው በግንቦት 2011 ነው። ከስቱዋርት ጉዞ እስከዚህ ቀን ስንት ዓመት እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይደምረው።

ውሃ ፍለጋ የሄደው ልጅ

የከተማይቱ ልደት ከአንድ ልጅ ጋር የተያያዘ ነው። በ1915 መጀመሪያ ላይ ጂም ሃቺሰን የተባለ ሰው ከጥቂት ባልደረቦቹና ከልጁ ከዊሊ ጋር ወርቅ ፍለጋ ወደ በረሃው ገባ። ዊሊ ያኔ 14 ዓመቱ ነበር። ወርቁ አልተገኘም፤ ይባስ ብሎ ውሃ አለቀባቸው። የካቲት 1 ቀን 1915 ትልልቆቹ ሰዎች ውሃ ፍለጋ ሲሄዱ ልጁን ሠፈሩን ጠብቅ ብለው ተዉት። ልጅ ደግሞ ጠብቅ ሲሉት መች ይጠብቃል! እሱም በበኩሉ ሊፈልግ ወጣ። ሲመሽ ትልልቆቹ ተመልሰው ልጁን አጡት፤ ተጨነቁም። በመጨረሻ ዊሊ ከጨለማው ብቅ አለ። ውሃ አግኝቷል፤ በከረጢቱ ደግሞ መሬት ላይ የለቀመውን ኦፓል ይዟል። ከዚያ በኋላ ወሬው ተሰማ፣ ቆፋሪው ጎረፈ።

ቦታው መጀመሪያ የስቱዋርት ተራሮች የኦፓል መስክ ነበር የሚባለው። በ1920 ግን ኩበር ፒዲ ተባለ። ስሙ ከጥንተ ነዋሪዎቹ ቋንቋ የመጣ ነው፤ "ኩፓ ፒቲ" ሲባል ብዙ ጊዜ "የነጭ ሰው ጉድጓድ" ተብሎ ይተረጎማል። ኩፓ ማለት ገና የወንድነት ሥርዓት ያልፈጸመ ልጅ ማለት ነው የሚሉም አሉ። በሁለቱም ብንፈታው ነገሩ ያው ነው። የአገሩ ሰው ቆሞ እያየ ነበር ማለት ነው። አንድ እንግዳ ሰው መጥቶ፣ ውሃ ሳይኖረው፣ ጥላ ሳይኖረው፣ በጠራራ ፀሐይ መሬት ሲምስ አይቶ፣ ያየውን በስሙ ጠራው። እኔ እንደሚመስለኝ ስለዚህች ከተማ ከተነገረው ሁሉ የመጀመሪያውና እውነተኛው የታሪክ ጽሑፍ ይኸው ስም ነው፤ በሁለት ቃል ያለቀ።

ጉድጓዱ ቤት ሆነ

በ1917 አህጉሩን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጠው የባቡር ሐዲድ ተጨረሰ፤ ሥራ ያጡ የሐዲድ ሠራተኞች ወደ ኦፓሉ መጡ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ደግሞ ከአውሮፓ ጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮች ተከተሉ። እነዚህ ሰዎች ለዓመታት ምሽግ ውስጥ ኖረው ነበርና መሬት ቆፍሮ መተኛትን ያውቁበታል። ከመሬት በታች መኖርን በኩበር ፒዲ ያስለመዱት እነሱ ናቸው ይባላል። የንጉሥ ጦርነት ያስተማራቸውን ሙያ ለገዛ ሕይወታቸው አዋሉት።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ የክረምቱ ሌሊት ደግሞ ይቆረጥማል። ዛፍ ስለሌለ ለቤት የሚሆን እንጨት የለም። ከመሬት በታች ግን ዓመቱን ሙሉ ከ23 እስከ 25 ዲግሪ ገደማ ነው። ሙቀት ማቀዝቀዣ አያስፈልግ፣ ማሞቂያ አያስፈልግ። ድንጋዩ ለመቆፈር ለስላሳ ነው፤ ጣራው ደግሞ ያለምሰሶ ራሱን ችሎ ይቆማል። ዱሮ በዶማና በድማሚት፣ ዛሬ ክብ ጥርስ ባለው ማሽን ይፈለፈላል። ግድግዳው አቧራ እንዳያራግፍ ይቀባል። መደርደሪያ ያስፈለገው ሰው አናጢ አይጠራም፤ ግድግዳውን ይቦረቡራል። ልጅ ሲጨመር አንድ ክፍል ይቆፈራል። በከተማው ክልል ውስጥ ኦፓል መቆፈር ክልክል ነው፤ ታዲያ ቤቴን ላሰፋ ነው ብሎ የጀመረ ሰው በመካከሉ ኦፓል ቢያጋጥመው ማን ምን ይለዋል? ከቤተሰቡ ቁጥር ጋር የማይመጣጠን ብዙ መኝታ ክፍል ያላቸው ቤቶች አሉ እየተባለ ይቀለዳል።

ሥራው ግን ቀልድ አይደለም። አንድ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጉድጓድ ቁልቁል ይቦረቦራል፤ ኦፓሉ ያለበት ንጣፍ አንዳንዴ 20 ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠልቃል። ከዚያ በኋላ ወደ ጎን ይኬዳል። ዱሮ አፈሩ በእጅ በሚዞር ዊንች በባልዲ ይወጣ ነበር። በኋላ ቆፋሪዎቹ ራሳቸው ከአሮጌ መኪናና ከብረት ቁርጥራጭ አንድ መሣሪያ ሠሩ፤ በካሚዮን ላይ የተጫነ፣ አፈሩን በወፍራም ቱቦ እየመጠጠ አውጥቶ የሚተፋ። በየሜዳው የሚታየው ሾጣጣ ክምር የዚህ መሣሪያ ትፋት ነው። የጉድጓዱ ቁጥር ከ200,000 በላይ ነው ይባላል። አሮጌው ጉድጓድ አይደፈንም፤ እንዳለ ይተዋል። ስለዚህ በየመንገዱ ዳር ጎብኚውን የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ ተተክሏል፤ አትሩጥ፣ ወደ ኋላህ አትራመድ ይላል። ፎቶግራፍ ላነሳ ብሎ ወደ ኋላ የሚያፈገፍግ ቱሪስት ሣሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ እንደቀረው በሬ ይሆናልና።

ማን ቆፈረ፣ ማን በላ?

በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት የኦፓል ዋጋ ወደቀ፤ ከተማይቱም ልትጠፋ ደረሰች። ያስነሳት ማን ነው? በ1946 ቶቲ ብራያንት የተባለች የአገሬው ተወላጅ ሴት ስምንተኛው ማይል በሚባለው ቦታ ብዙ ኦፓል አገኘች። ወሬው ሲሰማ ቆፋሪው እንደገና ጎረፈ። በዚያው በስምንተኛው ማይል በ1956 እጅግ ታላቅ ኦፓል ተገኘ፤ ክብደቱ 17,000 ካራት ማለትም ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ነው። በዚያ ዓመት በሜልቦርን ከተማ የኦሎምፒክ ጨዋታ ይደረግ ስለነበር "ኦሊምፒክ አውስትራሊስ" ተባለ። የድንጋዩ ስም በዓለም ታወቀ፤ የቶቲ ብራያንትን ስም ግን ከዚያች ከተማ ውጭ ስንት ሰው ያውቃል?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሌላ ዓይነት ሰው መጣ። ግሪኩ፣ ሰርቡ፣ ክሮአቱ፣ ጣልያኑ፣ ሀንጋሪው። ጦርነቱ ቤቱን ያፈረሰበት፣ ድህነት ከመንደሩ ያባረረው። ከ40 በላይ ብሔር ያለባት ከተማ ሆነች። ምን ሳባቸው? ሀብት ብቻ አይመስለኝም። ኩበር ፒዲ ቋንቋ አትጠይቅም፣ ዲፕሎማ አትጠይቅም፣ ከየት መጣህ አትልም። አንዱ ሰው የሚይዘው ይዞታ በሕግ የተወሰነ ስለሆነ ትልልቅ ኩባንያ ገብቶ መሬቱን ሊጠቀልለው አልቻለም። ሁለት ሦስት ሰው ተሻርኮ ይቆፍራል፤ ወጪውን አብሮ ያወጣል፣ ያገኘውን አብሮ ይካፈላል። አለቃ የለም፣ የፋብሪካ ፊሽካ የለም። ሠርቶ አደሩ የራሱ ጌታ የሆነበት ቦታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ግን ነፃነቱም ልክ ነበረው። ቆፋሪው ጉድጓዱን ይዟል እንጂ ገበያውን አልያዘም። ድንጋዩን የሚገዛው ነጋዴ ከሩቅ መጥቶ ዋጋውን ይተምናል፤ ለዓመታት ቆፍሮ ምንም ያላገኘው ሰው ደግሞ የናፍጣና የድማሚት ዕዳ አለበትና ሰጥቶ ይገላገላል። ከቆፋሪው ብዙው አልከበረም። የአገሬው ተወላጆች ደግሞ ከዚያም በታች ናቸው፤ በገዛ መሬታቸው ሌላው የጣለውን አፈር እያበጠሩ ያመለጠችውን ኦፓል ይለቅሙ ነበር። እኛ ብንሆን ቃርሚያ እንለዋለን። ባለመሬት በእርሻው ላይ ቃርሚያ ሲለቅም አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ለጎብኚ የሚታየው

በ1987 ስቱዋርት አውራ ጎዳና አስፋልት ሆኖ ተጠናቀቀ። አቧራው መንገድ ሲቀር አውቶቡስ መጣ፤ አውቶቡስ ሲመጣ ቱሪስት መጣ። ኦፓሉ በበኩሉ እየመነመነ፣ ናፍጣው እየተወደደ ሄደ። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ከተማይቱ ድንጋዩን ብቻ ሳይሆን ጉድጓዱን ራሱን መሸጥ ጀመረች። ምን ምን ይታያል?

አንደኛ፣ አሮጌው ማዕድን። በ1916 ግድም የቆፈሩት ሰዎች ደፍነውት ተሰውሮ የቀረ ዋሻ በ1968 አንድ ሰው ቤቱን ሲያሰፋ ተገኘ። ዛሬ ሙዚየም ነው። የዶማው ጠባሳ በግድግዳው ላይ እንዳለ ነው፤ ሳይወጣ የቀረ ኦፓልም በድንጋዩ ውስጥ ይታያል። ከዚህ ሌላ ኡሙና የተባለው ማዕድን አለ፤ በውስጡ ሙዚየምና የመሬት ውስጥ መኖሪያ ይጎበኛል። ኡሙና የአገሬው ሕዝብ ስም ነው።

ሁለተኛ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ። የካቶሊኮቹ የቅዱስ ጴጥሮስና የቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን በ1960ዎቹ ተፈለፈለ። በ1993 ደግሞ ሰርቦቹ የነቢዩ ኤልያስን ቤተ ክርስቲያን ከመሬት በታች ሠሩ። ጣራው ከፍ ያለ፣ በግድግዳው ላይ ቅዱሳን የተቀረጹበት፣ ባለቀለም መስታወት ያለው ነው። የሠራው የመንግሥት ገንዘብ ሳይሆን የምእመናኑ ጉልበት ነው። ቀን ኦፓል የፈለገበት እጅ ማታ ለአምላኩ ፈለፈለ። ከሚታየው ሁሉ የሰውን ልብ የሚነካው ይኸ ይመስለኛል፤ አገሩን የተወ ሰው መቅደሱን ግን እንዳልተወ የሚመሰክር ነው።

ሦስተኛ፣ ሣር የሌለው የጎልፍ ሜዳ። ጎልፍ ያለሣር አይሆንም ይባል የለ? እነሱ ግን ተጫዋቹ ትንሽ ቁራጭ ምንጣፍ ይዞ እየዞረ ኳሱን በሷ ላይ ያስቀምጣል፤ ሜዳው ዘይት የጠጣ አሸዋ ነው። ቀኑ ሲያቃጥል በሌሊት በሚያበራ ኳስ ይጫወታሉ። በከተማይቱም በኮረብታ ላይ የቆመ የብረት ዛፍ አለ፤ ከውድቅዳቂ ብረት የተበየደ። ዛፍ በሌለበት አገር ዛፍ ሠርተው አቆሙ። እንዲህ ያለው ቀልድ የችግረኛ ቀልድ ነው፤ እኛም እናውቀዋለን።

አራተኛ፣ ከከተማው ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የሚገኙት ብሬክአዌይ የተባሉት ኮረብታዎች ናቸው። ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ቡናማ ሆነው ከሜዳው ተገንጥለው ቆመዋል። አጠገባቸው ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው አጥር ያልፋል፤ ዲንጎ የተባለው የዱር ውሻ ወደ በግ አርቢዎቹ አገር እንዳይገባ የታጠረ ነው። ለጎብኚው ኮረብታ ውብ ሥዕል ነው፤ ለአገሬው ሕዝብ ደግሞ የአባቶች ታሪክ የተጻፈበት መጽሐፍ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ሙዚየሙ ውስጥ የሌለው አጥንት ነው። በ1987 አንድ ቆፋሪ ከጉድጓዱ የጥንት የባሕር አውሬ አጽም አወጣ፤ አጥንቱ በሙሉ ወደ ኦፓል የተለወጠ። ዕድሜው 115 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። "ኤሪክ" ብለው ስም አወጡለት። በአንድ ባለሀብት እጅ ገባ፤ ባለሀብቱ በገንዘብ ሲቸገር ድንጋዩ ተቆራርጦ ለጌጥ እንዳይሸጥ ተፈራ። በ1993 የአውስትራልያ ሕዝብ፣ ተማሪው ሳይቀር፣ ገንዘብ አዋጥቶ ገዛው። ዛሬ ሲድኒ በሚገኘው የአውስትራልያ ሙዚየም ይታያል። በ2006 ሳይንቲስቶቹ ለአውሬው ዝርያ ስም ሲሰጡ ኡሙናሳውረስ አሉት፤ ኡሙና የምትለዋን የአገሬውን ቃል ወስደው። እንግዲህ አጽሙ ሄደ፤ ቃሉም ተከትሎ ሄደ። ጉድጓዱ ብቻ ቀረ።

የማይታየው

ፊልም ሠሪዎችም ኩበር ፒዲን ይወዷታል። "ማድ ማክስ" የተባለው ፊልም ሦስተኛው ክፍል በአካባቢው ተቀርጾ በ1985 ወጣ። የፊልሙ ዓለም ከኑክሌር ጦርነት በኋላ የቀረ ፍርስራሽ ነው። ጎብኚውም ይኸ የተቀረጸበት ነው ሲሉት በደስታ ፎቶግራፍ ያነሳል። ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በዚያ አገር ኑክሌር የፊልም ወሬ አልነበረም።

በጥቅምት 1953 የእንግሊዝ መንግሥት ከኩበር ፒዲ በስተምዕራብ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሚገኘው ኢሙ ፊልድ በተባለው ቦታ ሁለት አቶሚክ ቦምቦች አፈነዳ። የመጀመሪያው የፈነዳው ጥቅምት 15 ቀን ነው። የአውስትራልያ መንግሥት ፈቅዷል፤ ባለመሬቶቹ አልተጠየቁም። ከፍንዳታው በኋላ በሰሜን ምሥራቅ በኩል በዋላቲና የነበሩ የአገሬው ሰዎች ጥቁር ጭጋግ በዛፎቹ ላይ እየተሳበ ሲመጣ አዩ። ታመሙ፤ አስታወካቸው፤ ዓይናቸው ተቃጠለ። ያኔ ልጅ የነበረው ያሚ ሌስተር ኋላ ዓይነ ስውር ሆነ። ከ1956 ጀምሮ ደግሞ ወደ ደቡብ በማራሊንጋ ሰባት ትልልቅ ፍንዳታዎች ተደረጉ።

ለብዙ ዓመት ጥቁር ጭጋግ የሚባል ነገር አልነበረም ተባለ። ያሚ ሌስተር ግን ዝም አላለም። በ1984 የንጉሣዊ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ1985 ሪፖርቱን አቀረበ። የመጀመሪያው ቦምብ ነፋሱ ለሕዝቡ አደገኛ በሆነበት ሰዓት እንደተፈነዳ፣ ጥቁሩ ጭጋግም እውነት እንደነበረ ኮሚሽኑ ተቀበለ። እስቲ ልብ በሉ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በአንድ በረሃ ምክንያት፣ አንዱ የኑክሌር ታሪክ በሲኒማ ቤት ታየ፣ ሌላው በኮሚሽን ወረቀት ላይ ተጻፈ። ለጎብኚ የሚነገረው የትኛው ሆነ? የሲኒማው።

በዚህ አላበቃም። በ1998 የአውስትራልያ መንግሥት የኑክሌር ዝቃጭ መጣያ በዚያው በደቡብ አውስትራልያ በረሃ ሊያደርግ እንዳሰበ አስታወቀ። በረሃው ባዶ ነው የሚለው የዱሮ ዘፈን እንደገና ተዘፈነ። የኩበር ፒዲ አሮጊቶች ግን ከ1995 ጀምሮ ኩፓ ፒቲ ኩንጋ ቹታ የተባለ የሴቶች ሸንጎ አቋቁመው ነበር። ብዙዎቹ የቦምቡን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ናቸው። የትግላቸው ቃል አጭር ነበር፤ ኢራቲ ዋንቲ፣ መርዙን ተዉት። ጽሕፈት ያልተማሩት ደብዳቤ አስጻፉ፤ እግራቸው የደከመው ከከተማ ከተማ ዞረው ተናገሩ። በ2003 ከመካከላቸው አይሊን ካምፓኩታ ብራውንና አይሊን ዋኒ ዊንግፊልድ የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት ተቀበሉ። በሐምሌ 2004 መንግሥት ዕቅዱን ተወው። ስድስት ዓመት የፈጀ ትግል ነው። በኩበር ፒዲ ስላልተቆፈረው ጉድጓድ ሐውልት መቆም ነበረበት፤ የከተማይቱ ትልቁ ሥራ ያ ነውና።

ከኩበር ፒዲ እስከ ደላንታ

ይህ ሁሉ ለኛ ምናችን ነው የሚል ተማሪ ይኖራል። አንድ ቀጥተኛ ነገር አለ። ለብዙ ዘመን የዓለም ገበያ የሚያውቀው ኦፓል አብዛኛው የአውስትራልያ ነበር። በ1990ዎቹ በሸዋ፣ በመንዝ ጊሼ በኩል ኦፓል ወጣ። በ2008 ደግሞ በወሎ፣ በደላንታ፣ ወገል ጤና አጠገብ ሌላ ተገኘ፤ ነጭ መደብ ያለው፣ ቀለሙ የሚያበራ። ዛሬ የኩበር ፒዲ ቆፋሪ ተወዳዳሪዬ ማን ነው ቢባል የወሎን ገበሬ ይጠራል። የነሱ ኦፓል ከባሕር ደለል የተገኘ ሲሆን የኛ ከእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ነው። የወሎው ድንጋይ ውሃ ሲገባ ውሃውን ጠጥቶ ጥርት ይልና ቀለሙ ይጠፋል፤ ሲደርቅ ይመለሳል።

አቆፋፈሩም ይለያል። ኩበር ፒዲ ሜዳ ላይ ቁልቁል ይቆፍራል፤ ደላንታ በገደል ወገብ ላይ ወደ ጎን። ማሽን የለም፤ ዶማ፣ መሮ፣ መዶሻና የወጣት ክንድ ነው። ገደሉ ሲናድ የሚቀበር አለ። ከወጣው ድንጋይ ብዙው ሳይቆረጥና ሳይለሰልስ ወደ ሕንድ፣ ወደ ጃይፑር ይሄዳል፤ ዋጋው የሚከብደው እዚያ ነው። የዓባይ ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸ አይደለም ወይ?

ልብ እንበል፤ የኩበር ፒዲ ቆፋሪ ሁለት ነገር ነበረው። አንደኛ ይዞታውን በሕግ የሚያስከብርለት ደንብ፤ ሁለተኛ ኦፓሉ ሲያልቅ የሚቀጥልበት ከተማ። ጉድጓዱን ቤት አደረገው፣ ቤተ መቅደስ አደረገው፣ ሙዚየም አደረገው። ያጣው ደግሞ ገበያውን ነው። የአገሬው ሕዝብ ከዚህም በላይ አጣ፤ መሬቱን። ሁለቱ ማጣቶች በደላንታ ገበሬ ላይ አንድ ላይ እንዳይወድቁ የመጠበቅ ግዴታ አለብን። በጂኦሎጂ የሚማረው ወንድማችን የገደሉን አደጋ ቢያጠና፣ በሕግ የምትማረው እህታችን የይዞታውን ደንብ ብትመረምር፣ በኪነ ጥበብ ያለው ድንጋዩን መቁረጥና ማለስለስ ቢማር፣ ሥራ ነው።

ኩበር ፒዲ ዛሬ ትንሽ ከተማ ናት፤ በ2021 ቆጠራ ነዋሪዋ ከ2,000 በታች ነበር። አውቶቡሱ ይመጣል፣ ጎብኚው ይወርዳል፣ ሰሌዳውን ያነባል፣ ወደ ኋላው እንዳይራመድ ተጠንቅቆ ፎቶግራፉን ያነሳል። የታሪክ ተማሪ ግን ሰሌዳውን መተላለፍ አለበት። ወደ ኋላው መራመድ፣ እስከ 1953፣ እስከ 1915፣ እስከ 1836፣ ከዚያም አልፎ ውሃው የት እንዳለ ያውቁ እስከነበሩት ሰዎች ድረስ። ጉድጓዱ ያለው እዚያ ነው፤ ስሙንም ያወጡለት እነሱ ናቸው።